«ሮዝስ»፦ አንድ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ከሦስት ዓመት በኋላ ያስነሳው ዘፈን

አዲስ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ነጠላ ዜማ ሲወጣ ብቻውን አይመጣም። ስፖቲፋይ ወይም ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉት ያው አንድ ዘፈን አራት አምስት ቦታ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ርዕሱ አንድ ነው፣ ከጎኑ ያለው ቅንፍ ግን ይለያያል። አንዱ «ሬዲዮ ኤዲት» ይላል፣ አንዱ «ኤክስቴንደድ ሚክስ»፣ ሌላው «ዳብ»፤ ሌላው ደግሞ የማታውቁትን ሰው ስም ጠርቶ «ሪሚክስ» ይላል። ብዙዎቻችን የላይኛውን ተጭነን እናልፋለን።

ዛሬ ቅንፉ ውስጥ እንገባለን። ለማሳያ የመረጥነው ሁላችሁም የሰማችሁትን ዘፈን ነው፤ በርዕሱ ባታውቁት እንኳን ቲክቶክ ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም። «ሮዝስ» ይባላል። የዘፈነው ሴንት ጆን ነው፣ ዓለም የሰማው ግን የካዛኪስታኑ ልጅ ኢማንቤክ የሠራውን ሪሚክስ ነው። ይህ ጽሑፍ ዘፈኑ እንዴት እንደተነሳ፣ የክለብ ቅጂዎች ምን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ፣ ገንዘቡና ስሙ ለማን እንደሚሄድ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ላፕቶፕ ላይ ቢት ለምትሠሩ ልጆች ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል በተለይ ይመለከታችኋል።

በአጭሩ

• ዘፈኑ፦ «ሮዝስ»
• ድምፃዊው፦ ሴንት ጆን (አሜሪካ፣ ብሩክሊን)
• መጀመሪያ የወጣው፦ እ.ኤ.አ. 2016
• ሪሚክሱን የሠራው፦ ኢማንቤክ ዜይኬኖቭ (ካዛኪስታን፣ አክሱ ከተማ)
• ሪሚክሱ በይፋ የወጣው፦ እ.ኤ.አ. 2019
• የደረሰበት፦ በእንግሊዝ ሠንጠረዥ 1ኛ፣ በአሜሪካው ቢልቦርድ ሆት 100 ደግሞ 4ኛ (ሁለቱም እ.ኤ.አ. 2020)
• ሽልማቱ፦ ግራሚ፣ የምርጥ ሪሚክስ ዘርፍ (እ.ኤ.አ. 2021)

ዋናው ዘፈን

ሴንት ጆን ትክክለኛ ስሙ ካርሎስ ሴንት ጆን ፊሊፕስ ነው። ትውልዱ ብሩክሊን፣ የቤተሰቡ መነሻ ደግሞ የደቡብ አሜሪካዋ ጉያና ናት። በራሱ ስም ከመታወቁ በፊት ለሌሎች ዘፈን ይጽፍ ነበር፤ ከጻፈላቸው አንዱ አሸር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከቢዮንሴ ጋር «ብራውን ስኪን ገርል» ላይ ድምፁ ተሰምቷል።

«ሮዝስ»ን ፎለን ከሚባለው ፕሮዲዩሰር ጋር ሠርቶ በ2016 አወጣው። ዘፈኑ ቀስ ያለ ነው። ጨለም ያለ ድባብ አለው፣ ከአር ኤንድ ቢና ከትራፕ መሃል የቆመ ዓይነት። በ2018 «ኮሌክሽን ዋን» የተባለው አልበሙ ውስጥም ገባ። አድማጭ አላጣም፣ የሚወዱት ሰዎች ነበሩ። ግን ሠንጠረዥ ላይ ተሰቅሎ ዓለም የሚጮህለት ዘፈን አልሆነም። በተለመደው የሙዚቃ ገበያ ሒሳብ አንድ ነጠላ ዜማ በወጣ በሦስት ዓመቱ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ የአድናቂዎች ትዝታ ነው።

የባቡር ጣቢያው ልጅ

አክሱ በሰሜን ምሥራቅ ካዛኪስታን፣ በፓቭሎዳር ክልል ያለች የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። (ስሟ ከእኛዋ አክሱም ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም።) ኢማንቤክ እዚያ እ.ኤ.አ. በ2000 ተወለደ። ልጅ እያለ ጊታር ይጫወት ነበር። የተማረው የባቡር ትራንስፖርት ሲሆን የሚሠራውም ባቡር ጣቢያ ነበር። ሙዚቃውን የሚሠራው ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በሚባለው ሶፍትዌር ነው። እኛም አገር ብዙ ጀማሪዎች የሚነሱበት ያው ሶፍትዌር ማለት ነው።

በ2019፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ፣ «ሮዝስ»ን አንስቶ በራሱ መንገድ ቀየረው። ያዘዘው ሰው የለም። የከፈለው ኩባንያም የለም። ሠርቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። በሙዚቃ ሰዎች ቋንቋ እንዲህ ያለው ሥራ «ቡትሌግ» ይባላል፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ቅጂ ማለት ነው። ነገሩ መጀመሪያ ሩሲያና በአካባቢው ባሉ አገሮች ተዛመተ። ከዚያ ኤፌክቲቭ ሬኮርድስ የተባለ ሌብል ደረሰበትና ከመብቱ ባለቤቶች ጋር ተነጋግሮ በዚያው ዓመት በይፋ እንዲወጣ ተደረገ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። የዚህ ታሪክ ማጠፊያ ያለው እዚህ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሪሚክስ ሁለት ዕጣ አለው። ወይ ባለመብቱ ያስወርደዋል፣ ወይ ደግሞ «ይሄ እኮ ይጠቅመናል» ብሎ ይቀበለዋል። የመጀመሪያው በየቀኑ ይከሰታል፣ ወሬ ስለማይሆን ግን አንሰማውም። የኢማንቤክ ዕድል ሁለተኛው ሆነ።

ሪሚክሱ ምን ቀየረ?

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብትሰሙ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል።

አንደኛ፣ ፍጥነቱ። ሪሚክሱ በደቂቃ ወደ 122 ምት ይሄዳል። ይህ የሃውስ ሙዚቃ ዋናው መንገድ ነው። በዚህ ፍጥነት እግር ራሱ ይከተላል፤ ከፍጥነት እርምጃ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ ድምፁ። የሴንት ጆን ድምፅ ተፋጥኗል፣ ቀጥኗል። ወፍራም የነበረው የወንድ ድምፅ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ እንደ መሣሪያ የሚጮህ ነገር ሆኗል። ቃሉን የማይሰማ ሰው እንኳን ዜማውን ያፏጨዋል። እንግሊዝኛ የማይናገሩ አገሮች ቶሎ የተቀበሉት በዚህም ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ቤዙ። በዋናው ዘፈን ቤዙ ከድምፃዊው በታች ተኝቷል። ሪሚክሱ ላይ ግን ቤዙ ራሱ ዘፋኝ ሆኗል። ይንሸራተታል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ድምፃዊው ሲያቆም ተራውን ይቀበለዋል።

አራተኛ፣ ርዝመቱ። ሪሚክሱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በ122 ምት ፍጥነት ስምንት ባር ማለት 32 ምት ነው፣ በሰዓት ሲለካ 16 ሰከንድ ገደማ። አንድ አጭር የቲክቶክ ቪዲዮ ማለት ነው። ኢማንቤክ ይህንን አስልቶ ይሥራው አይሥራው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሒሳቡ ግን ገጠመለት። ከቤዙ መግቢያ ጀምሮ የተቆረጠ አንድ ቁራጭ በራሱ ሙሉ ነገር ይመስላል።

ክለብ የተዘጋበት ወር

ቲክቶክ ላይ ዘፈኑ በዳንስ ቪዲዮ ታጅቦ ከአገር አገር ዞረ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በእንግሊዝ ሠንጠረዥ 1ኛ ሆነ። ከቦታው ያወረደው ዘፈን ደግሞ የማን ይመስላችኋል? የእኛው ልጅ የአቤል ተስፋዬ፣ የዘ ዊክንድ «ብላይንዲንግ ላይትስ» ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ካናዳዊ ለሳምንታት የያዘውን ወንበር የካዛኪስታን የባቡር ሠራተኛ የነካካው ዘፈን ወሰደው ማለት ነው።

የሚገርመው ሌላ ነገር ወቅቱ ነው። ያኔ የኮሮና ወረርሽኝ አውሮፓን ያጥለቀለቀበት፣ የምሽት ክለቦች በየአገሩ የሚዘጉበት ወር ነበር። ለክለብ የሚሆን ዘፈን ክለብ በሌለበት ጊዜ አንደኛ ወጣ። ሰዎች የጨፈሩት ሳሎንና ወጥ ቤት ውስጥ ነው፣ ስልክ ግድግዳ ላይ አስደግፈው። በዓመቱ አጋማሽ አካባቢ በአሜሪካው ሆት 100 እስከ 4ኛ ደረሰ። በዚያው ዓመት ፊውቸር የተሳተፈበት ቅጂ፣ ቀጥሎም ጄ ባልቪን ያለበት የላቲን ቅጂ ወጡ። አንድ የ2016 ዘፈን በ2020 እንደ አዲስ ቤተሰብ አፈራ።

እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2021 ደግሞ ኢማንቤክ በምርጥ ሪሚክስ ዘርፍ ግራሚ አሸነፈ። ገና 20 ዓመቱ ነበር። ግራሚ በማሸነፍ የመጀመሪያው የካዛኪስታን ሰው ሆነ። ይህ ዘርፍ የሚሸልመው ሪሚክሱን የሠራውን ሰው ነው፤ ዋናውን ዘፋኝ አይደለም። ዘርፉ ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የመጀመሪያው ተሸላሚ የቺካጎው ዲጄ ፍራንኪ ነክልስ ነበር፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ቅንፍ ውስጥ ያሉት ቃላት

አሁን መዝገበ ቃላቱን እንክፈት። አንድ የዳንስ ነጠላ ዜማ ሲወጣ አብረው የሚመጡ ቅጂዎች እነዚህ ናቸው፦

ኦሪጅናል ሚክስ፦ ባለቤቱ እንደሠራው ያለ ቅጂ። ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩት በዚህ ነው።

ሬዲዮ ኤዲት፦ አጭሩ ቅጂ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ አካባቢ። መግቢያው ተቆርጧል፣ ዘፈኑ ቶሎ ወደ ዋናው ነገር ይገባል። ስሙ የሬዲዮ ይሁን እንጂ ዛሬ የሚያገለግለው ስልክ ላይ ለሚሰማ ሰው ነው። ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን «ተደመጠ» ብሎ የሚቆጥረው ከ30 ሰከንድ በኋላ ስለሆነ ሠሪዎች መግቢያ ላይ ጊዜ ማጥፋት አይወዱም።

ኤክስቴንደድ ሚክስ፦ ረጅሙ ቅጂ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃና ከዚያም በላይ። መግቢያውና መውጫው ላይ ከበሮ ብቻ አለ። ይሄ ለአድማጭ አሰልቺ ሊመስል ይችላል፣ ለዲጄ ግን እስትንፋስ ነው። ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች እናየዋለን።

ክለብ ሚክስ፦ ለጭፈራ ተብሎ እንደገና የተቀናበረ ቅጂ። ኤክስቴንደድ ሚክስ ያንኑ ዘፈን ሲያረዝም ክለብ ሚክስ ግን ከበሮውንም ቤዙንም ሊቀይር ይችላል። ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን በክለብ ሚክስ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል።

ዳብ፦ ድምፃዊው በአብዛኛው የወጣበት፣ ከበሮና ቤዝ የነገሠበት ቅጂ። የዘፋኙ ድምፅ አልፎ አልፎ እንደ ገደል ማሚቶ ብቻ ይሰማል።

ኢንስትሩመንታል፦ ድምፅ የሌለበት ሙዚቃው ብቻ።

አካፔላ፦ ተቃራኒው፤ ድምፁ ብቻ፣ ያለ ሙዚቃ። ሪሚክስ ለሚሠራ ሰው ወርቅ ነው።

ሪሚክስ፦ ሌላ ሰው የዘፈኑን ክፍሎች ወስዶ የሠራው አዲስ ቅንብር። ስሙ ሲጻፍ ዘፋኙ ይቀድማል፣ ርዕሱ ይከተላል፣ የሠራው ሰው ስም ቅንፍ ውስጥ ይገባል። ሴንት ጆን፣ «ሮዝስ» (ኢማንቤክ ሪሚክስ) እንደሚባለው።

ቪአይፒ ሚክስ፦ የዘፈኑ ባለቤት የራሱን ሥራ ራሱ መልሶ ሲቀይረው።

ቡትሌግ፦ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የተሠራ።

አንድ ነገር እንለይ። እኛ አገር «ሪሚክስ» ስንል ብዙ ጊዜ የድሮ ዘፈን በአዲስ ድምፃዊ፣ በአዲስ ቅንብር እንደገና ሲዘፈን ማለታችን ነው። በዓለም አቀፉ አጠራር ያ «ከቨር» ነው፤ ሌላ ሰው ዘፍኖታልና። ሪሚክስ ላይ የሚቆየው የመጀመሪያው ዘፋኝ ድምፅ ራሱ ነው፤ የሚቀየረው ዙሪያው ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የፈቃዱም ዓይነት ይለያያል።

ረጅሙ ቅጂ ለምን አስፈለገ?

ዲጄ አንዱን ዘፈን አቁሞ ሌላውን አይጀምርም። አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ከሥሩ ያስገባል፣ ምቱን ከምቱ ያገጣጥማል፣ ቀስ ብሎ ያሻግራል። ለዚህ ደግሞ ሁለቱም ዘፈኖች ላይ ከበሮ ብቻ ያለበት ቦታ ያስፈልጋል። ሁለት ዘፋኞች በአንድ ጊዜ ከጮሁ ገበያ ይሆናል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ122 ምት ፍጥነት 32 ባር ማለት 128 ምት ነው፤ ይህም 63 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ኤክስቴንደድ ሚክስ ሲጀምር አንድ ደቂቃ ያህል «ዱም ዱም» ብቻ ብትሰሙ ስህተት አይደለም፣ ለዲጄው የተተወ በር ነው። የጭፈራ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ዘፈን አልቆ ሌላ መጀመሩን ሳያውቅ ላቡ እየወረደ ይቀጥላል።

ይህ አሠራር የመጣው ከኮምፒውተር በፊት ነው። ሸክላ በነበረበት ዘመን ነጠላ ዜማ የሚወጣው በትንሿ ባለ 45 ሸክላ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ያሳትማቸው የነበሩትን ትንንሽ ሸክላዎች አስቡ። በአንድ ፊት የሚገባው ጥቂት ደቂቃ ነው። ለቤት ይበቃል፣ ለጭፈራ ቤት ግን ገና ሰው ሲሟሟቅ ያልቅበታል።

በጃማይካ ኪንግ ተቢን የመሰሉ የድምፅ ባለሙያዎች የዘፈኑን ድምፅ እያወጡ፣ ቤዝና ከበሮውን እያጎሉ «ዳብ» የሚባለውን ፈጠሩ። በኒውዮርክ ደግሞ ቶም ሞልተን የሚባል ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዘፈኖችን በቴፕ እየቆረጠና እየቀጠለ ማስረዘም ጀመረ። አንድ ቀን ስቱዲዮው ውስጥ ትንሿ ባዶ ሸክላ አልቃ ትልቅ ላይ ተቀረጸለት ይባላል። ትልቁ ላይ መስመሮቹ ሰፋ ብለው ሲቀረጹ ድምፁ ጎላ፣ ቤዙም ወፈረ። የ12 ኢንች ነጠላ ዜማ አመጣጡ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሳልሶል የተባለው ኩባንያ የደብል ኤክስፖዠርን «ቴን ፐርሰንት» በ12 ኢንች አውጥቶ ለሕዝብ ሸጠ። ዲጄው ዋልተር ጊብንስ ዘፈኑን ወደ አሥር ደቂቃ አስጠግቶት ነበር። ለሕዝብ ገበያ የወጣ የመጀመሪያው ባለ 12 ኢንች ነጠላ ዜማ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያሉ ሸክላዎች ለዲጄዎች ብቻ የሚታደሉ ነበሩ። ከ1977 ጀምሮ ደግሞ ፍራንኪ ነክልስ ቺካጎ ውስጥ «ዌርሃውስ»፣ ማለትም «መጋዘን» በሚባል ክለብ ሙዚቃ ያጫውት ነበር። «ሃውስ» የሚለው የሙዚቃው ስም የመጣው ከዚያ ቤት ስም ነው። ያኔ ሰዎቹ በምላጭና በቴፕ የሠሩትን ነው ዛሬ ልጆች በማውስ የሚሠሩት።

ከ«ሮዝስ» በፊትም ሆኗል

ሪሚክስ የተኛ ዘፈን ሲቀሰቅስ «ሮዝስ» የመጀመሪያው አይደለም። ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ።

አንደኛው የሱዛን ቬጋ «ቶምስ ዳይነር» ነው። በ1987 አልበሟ ላይ ያለ ምንም ሙዚቃ፣ በድምፅ ብቻ ነበር የዘፈነችው። በ1990 ዲኤንኤ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ያለ ፈቃድ ከበሮ ገጠሙበትና በራሳቸው አሳትመው ለክለቦች አሠራጩት። ኩባንያው ሊከሳቸው ይችል ነበር። አልከሰሰም፤ ገዛው። በእንግሊዝ 2ኛ፣ በአሜሪካ 5ኛ ወጣ።

ሁለተኛው ኤቭሪቲንግ በት ዘ ገርል የሚባሉት ጥንዶች ያወጡት «ሚሲንግ» ነው። በ1994 ሲወጣ እምብዛም አልተሰማም። የኒውዮርኩ ዲጄ ቶድ ቴሪ የሃውስ ከበሮ ሰጠው። ይሄኛው በፈቃድ የተሠራ ነው። በ1995 በእንግሊዝ 3ኛ፣ ቀጥሎ በአሜሪካ 2ኛ ሆነ፤ ሆት 100 ላይም 55 ሳምንት ቆየ። ጥንዶቹ ራሳቸው ከዚያ በኋላ የሠሩት ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሮኒክ አዘነበለ። ሪሚክሱ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ባለቤቶቹንም ቀየረ።

በሦስቱም ታሪኮች ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል። ዜማው መጀመሪያውኑ ደህና ነበር፤ የጎደለው የሚጨፈርበት ወለል ነው። ሪሚክስ ሠሪው ዜማ አልፈጠረም፣ ወለል አነጠፈ። ሰው የመጣው ደግሞ ወለሉ ስለተነጠፈ ነው። ክርክሩም እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ገንዘቡ የማን ነው?

አንድ ዘፈን ላይ ሁለት መብት አለ። አንዱ የግጥምና የዜማው ነው፤ የደራሲዎቹ። ሌላው የተቀረጸው ድምፅ ነው፤ «ማስተር» ይባላል፣ የአሳታሚው ወይም የዘፋኙ ነው። ዘፈን በተደመጠ ቁጥር ገንዘብ በእነዚህ ሁለት ቦዮች ይፈስሳል።

ሪሚክስ ሠሪው የት ጋ ነው? በተለመደው የኢንዱስትሪ ውል ከሁለቱም ውጪ ነው። ሥራውን ይሠራል፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል ክፍያ ይቀበላል፣ በቃ። የሠራው ቅጂ ማስተር የኩባንያው ይሆናል። የግጥምና ዜማ ድርሻ አይደርሰውም፣ ምክንያቱም በሕግ ዓይን ዜማው የእሱ አይደለም። ስሙ የተጠራ፣ የመደራደር ጉልበት ያለው ሰው ብቻ ከማስተሩ ገቢ መቶኛ ይጠይቃል። ማንም የማያውቀው የ18 ዓመት ልጅ ግን በምን ጉልበቱ?

ስለዚህ ሪሚክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው በስም ነው። የኢማንቤክ ቀጣይ ጉዞ ይህንን ያሳያል። ከግራሚው በፊት፣ በዚያው በ2021 መጀመሪያ፣ ከሪታ ኦራ ጋር «ባንግ» የተባለ አጭር አልበም አወጣ፤ ዴቪድ ጌታም አንዱ ዘፈን ላይ አለበት። የባቡር ጣቢያው ሥራ ቀረ፣ ሙዚቃው እንጀራ ሆነ። ቅንፍ ውስጥ የነበረው ስም ከቅንፍ ወጣ። ግን ልብ በሉ፣ ስሙ ቅንፍ ውስጥ ባይጻፍ ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም። ዘፈኑ አንደኛ ይወጣ ነበር፣ እሱ ግን ጣቢያው ላይ ሆኖ ባቡር እየጠበቀ ይሰማው ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እኛ አገር እንግዳ አይደለም። ሮፍናን ኑሪ ከዲጄነት ተነስቶ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ቅንብሩም የአንድ ሰው እጅ መሆኑ ለብዙ ልጆች በር ከፍቷል። ሚካኤል ሰይፉም የአገራችንን ድምፆች ከኤሌክትሮኒክ ጋር እያዋሐደ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘላለም» የተባለ አጭር አልበሙን ኒውዮርክ በሚገኝ ሌብል በኩል አውጥቷል።

የጎደለን ሌላ ነው። አንድ የአማርኛ ነጠላ ዜማ ሲወጣ አካፔላው፣ ኢንስትሩመንታሉ፣ ኤክስቴንደድ ቅጂው አብሮ የሚወጣበት ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ልጆች ያለፈቃድ ይሠራሉ፣ ዩቲዩብ ላይ ይጭናሉ፣ ይወርድባቸዋል፣ ወይ ደግሞ ሌላ ሰው ስማቸውን አጥፍቶ መልሶ ይጭነዋል። ቅንፉ ባዶ ይሆናል።

ሕጉ ግን አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ የአንድን ሥራ ቅንብር መለወጥ የባለመብቱ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል። ድምፃዊውና የድምፅ ሪኮርዲንግ አሳታሚውም የየራሳቸው ተዛማጅ መብት አላቸው። የሥራው አመንጪ ደግሞ ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይለወጥ የመጠየቅ የሞራል መብት አለው። ጉዳዩን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ሪሚክስ ለምትሠሩ

1. ለልምምድ መሥራት አንድ ነገር ነው፣ መልቀቅ ሌላ ነው። ልትለቁት ከሆነ የሁለቱንም መብት ባለቤቶች ጠይቁ፤ የግጥምና ዜማውንም፣ የቅጂውንም። ዘፋኙ «ይመቸኛል» ስላላችሁ ብቻ አሳታሚው ፈቀደ ማለት አይደለም።

2. ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። በቴሌግራም የተባለ ነገርም ቢሆን ስክሪንሹቱን አስቀምጡ፤ ፊርማ ካገኛችሁ ግን እሱ ይበልጣል።

3. ክፍያው አንድ ጊዜ ነው ወይስ መቶኛ? ሥራው ሳይወጣ በፊት ይወሰን። ዘፈን ከተነሳ በኋላ የሚደረግ ድርድር ፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው።

4. ስማችሁ ርዕሱ ላይ፣ ቅንፍ ውስጥ እንዲጻፍ ውሉ ላይ አስገቡ። ከቪዲዮው ሥር ባለው ማብራሪያ ውስጥ መጻፉ አይበቃም፤ ዘፈኑ ቲክቶክ ላይ ሲቆረጥ ማብራሪያው ይቀራል።

5. ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ለስልክ አጭር፣ አንዱን ለዲጄ ረጅም። 32 ባር ከበሮ መግቢያ ላይ፣ 32 ባር መውጫ ላይ። ዲጄ የማያጫውተው የዳንስ ዘፈን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቀረው።

6. ድምፃውያንና ሌብሎች ደግሞ፦ አካፔላችሁን በውል ለሚታመን ልጅ ስጡ። ከሦስት ዓመት በፊት ያወጣችሁት፣ የረሳችሁት ዘፈን ላይ ያልተነጠፈ ወለል ሊኖር ይችላል።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ዘፈን አምስት ቦታ ተደርድሮ ስታዩ ዝቅ ብላችሁ ሌሎቹንም ክፈቱ። ረጅሙን በጆሮ ማዳመጫ ሞክሩት፣ ዳቡን ማታ ስሙት። ቅንፍ ውስጥ የተጻፈውን ስም ደግሞ አንብቡት፤ ዛሬ ማታ ከሥራ ወጥቶ ላፕቶፑን የሚከፍት የሆነ ልጅ ስም ነው።